ዋይፋዩ አልተቃጠለም፦ ያገለገለው ላፕቶፔ ከአፕዴቱ በኋላ

የተቃጠለ ዕቃ በሪስታርት አይነሣም። ይህን ለማወቅ የኤሌክትሮኒክስ ዲፕሎማ አያስፈልግም። መክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ጥገና ቤት የተቀበለኝ ወጣት ግን የላፕቶፔን ክዳን በቅጡ ሳይከፍት፣ «ጋሼ፣ የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል፤ እንቀይርልዎት» አለኝ። «ሪስታርት ሳደርገው እኮ ይሠራል» ብለው፣ «ሊሞት ሲል እንደዚያ ያደርገዋል» ብሎ መለሰልኝ። ስታዲየም አካባቢ ያገኘሁት ሁለተኛው ባለሙያ ደግሞ ካርዱን ነፃ አወጣው፤ የእሱ ፍርድ ፎርማት ነበር፤ ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን።

ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ ላፕቶፑ ነው ቢባልም አብዛኛው ስለዚያ ዋይፋይ ነው። የቀረው ደኅና ነው፤ ቁልፎቹ ለአማርኛ ጽሕፈት ይመቻሉ፣ ስክሪኑ ዓይን አያደክምም፣ ባትሪው ግን ሽማግሌ ነው።

ዕቃውን ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው»፣ «ለልጅዎም ይተርፋል» እያለ ሲያዘንብብኝ አንዱንም አልሰማሁትም። ስለ ፕሮሰሰሩ «8ኛ ጄኔሬሽን ነው» ሲል ግን ጆሮዬ ቆመ። ዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከ8ኛው ጄኔሬሽን በታች ያሉትን አይቀበልም። ከአጠገቡ የነበረው 7ኛ ጄኔሬሽን በዋጋ ይረክስ ነበር፣ መልኩም ያምር ነበር። እሱን ትቼ ይህንን በማንሣቴ እስከ ዛሬ አልቆጨኝም። ሻጩ እንኳ ስለ ጄኔሬሽኑ ያለው እውነት መሆኑን ሳያውቀው ነው እውነት የተናገረው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ከዚያ ትልቁ የዊንዶውስ አፕዴት መጣ። ማታ ዘግቼው አደርኩ። ጠዋት ስከፍተው የዋይፋዩ ምልክት ከነስሙ የለም፤ «አልተገናኘም» እንኳ አይልም፣ ጭራሹን እንዳልተፈጠረ ነው። ሪስታርት ሳደርገው ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና የለም። የኮምፒውተሩ ክፍሎች ተዘርዝረው የሚታዩበት ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ስገባ ካርዱ ቢጫ ምልክት ተለጥፎበት፣ መሣሪያው መነሣት አልቻለም የሚለውን ኮድ 10 ይዞ ተቀምጧል።

ሁለቱም ባለሙያዎች ያልጠየቁኝ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው፦ ዘግቶ ሲከፈት የሚጠፋው ሪስታርት ሲደረግ ለምን ይመጣል? ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለው። እሱ በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ያልነው ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የሥርዓተ ክወናውን (የዊንዶውስን) እምብርትና የድራይቨሮቹን፣ ማለትም ዕቃዎቹን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባቡትን ፕሮግራሞች፣ ሁኔታ ዲስኩ ላይ ጽፎ ይተኛል፣ ጠዋት ከዚያው ይቀጥላል። ሁሉን ነገር ከዜሮ የሚያስነሣው ሪስታርት ነው። ስለዚህ ችግሩ የታየው ኮምፒውተሩ ከዚህ እንቅልፍ ሲነሣ ብቻ ከሆነ፣ ካርዱን ከመወንጀል በፊት ድራይቨሩን መጠርጠር ይገባል። አፕዴቱ ደግሞ የካርዱን ድራይቨር በአዲስ ቀይሮት ነበር፤ ቀኑ እዚያው ተጽፏል፣ ማንበብ ለሚፈልግ።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። ዊንዶውስ 11 ከትልቅ አፕዴት በኋላ ወደ ቀድሞው የሚመለሱበት 10 ቀን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ፋይል ይጠረግና የመመለሻው ቁልፍ ይጠፋል። «ነገ ይምጡ»፣ «ዕቃው እስኪገባ» እየተባልኩ ስመላለስ ያ ቀን አለፈ። ካርድ ሊሸጥልኝ የነበረው ወጣት ይህን ያውቅ ነበር? ካወቀ ነውር ነው። ካላወቀም በር ላይ የተለጠፈውን «የሶፍትዌር ባለሙያ» የሚለውን ጽሑፍ ያውርደው።

በመጨረሻ ቤቴ ተቀምጬ ሠራሁት። ኢንተርኔት ያገኘሁት ስልኬን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ፣ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን በማብራት ነው፤ ይህ የዋይፋይ ካርድ አይፈልግም። ዊንዶውስ ዳታ እንዲቆጥብ ወዲያው ግንኙነቱን «ሚተርድ» አድርጌዋለሁ፤ አለበለዚያ አፕዴቶች የወር ፓኬጅን በአንድ ምሽት ይበሉታል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ድራይቨሩን ወደ ነበረበት የሚመልሰው ቁልፍ ደብዝዞ አልታዘዝ አለኝ። ነገር ግን ድራይቨር አፕዴት አድርግ በሚለው በኩል ገብቶ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ዝርዝር ልምረጥ ሲባል አሮጌው አሁንም አለ። እሱን መረጥኩ። ከዚያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ፣ የኃይል ቁልፎች ሥራ ከሚወሰንበት ቦታ፣ ፋስት ስታርትአፕን አጠፋሁት። እንደ ኤስኤስዲ ባለ ፈጣን ዲስክ ላይ የሚያስከትለው መዘግየት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ዋይፋዩ አንድም ጠዋት አላስቸገረኝም።

ፎርማት ይሁን ያለኝን ሰውማ ምን ልበለው። ፎርማት በከተማችን የሁሉ በሽታ መድኃኒት ሆኗል፤ ባለሙያው እንዳያስብ ይጠቅመዋል፣ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አራት ኪሎ አስደርጎ ሲመለስ ለዓመታት በኒያላ ፎንት የጻፋቸው የትርጉም ሰነዶች ገጻቸው ተዛብቶ አገኛቸው። ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ በአዲስ ጭነት ላይ ሁልጊዜ አብሮ አይገባም፤ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶች ከሚባለው አማራጭ ውስጥ ማውረድ ያስፈልጋል። እሱ እስኪወርድ ጽሑፉ በሌላ ፎንት ይታያል፣ መስመሩም ይሸሻል። ሰውየው ማኅተም የሚያርፍበት ሰነድ ነው የሚያዘጋጀው፤ ፊርማው ብቻውን ወደ ሚቀጥለው ገጽ ሲወርድ አስቡት።

አፕዴት አቁሙ ማለቴ አይደለም፤ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፈነው በእሱ ነው። ትልቁን ግን ሥራ በበዛበት ሳምንት አላስገባውም። ዊንዶውስ 11 እስከ 5 ሳምንት ለአፍታ ማቆም ይፈቅዳል፣ እኔም ሳልሰስት እጠቀምበታለሁ።

ላፕቶፑን ዛሬም ብሆን እገዛዋለሁ። በዋይፋዩ ሰሞን ብትጠይቁኝ ሌላ መልስ ትሰሙ ነበር፣ አሁን ግን ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበረ ስለማውቅ ከበፊቱ ይልቅ ወድጄዋለሁ። ሻጩ ሰሞኑን ደውሎ፣ «ጋሼ፣ 11ኛ ጄኔሬሽን ገብቷል፤ ያንን ይመልሱና ትንሽ ይጨምሩበት» አለኝ። አልመልስም አልኩት። «ዋይፋዩ ተቃጥሎብዎት አልነበር?» አለኝ። ለእሱ ስለ ዋይፋይ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። የምጨምረው ትንሽ ገንዘብ ካለኝ ባትሪ እቀይርበታለሁ፤ እሱንም ከሌላ ቤት።