ምስጋና ጋሪ ለሚያሠሩት የደብረ ብርሃን መምህር

ከአዲስ አበባ ደሴ የምመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። መጻፍ ልማዴ አይደለም፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ግን ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ፊዚክስ ያስለቀሰው ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፊዚክስ ከ100 31 አመጣች። አስጠኚ ቀጠርኩላት፤ ሰውየው ሁለት ደብተር ሙሉ ቀመር አስገለበጣት። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ስትለው «ፈተና ላይ የሚመጣው ይኸው ነው» ይላታል። ሌላ ቦታ ከፍዬ አስገባኋት፤ ከዚያ ደግሞ «ፊዚክስ ለአንቺ አልተፈጠረም» ተብላ መጣች። ቦታዎቹን አልጠራም፤ እነርሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። ገንዘቡስ ይቅር፤ ልጅቷ «እኔ ደደብ ነኝ» ብላ ማመኗ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጠባሴ በኩል ያሉትን መምህር የጠቆመኝ ጎረቤቴ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ «ጋሪ የሚያሠሩት መምህር» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ሰው ያሳያችኋል። ግቢያቸው ውስጥ ሰሌዳ የለም። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ክዳን፣ ሽቦ፣ ፊኛና ጣውላ ነው ያለው። ልጆቹ በክዳኑ ጎማ ሠርተው፣ ፊኛውን ነፍተው ይለቁታል፤ አየሩ ወደ ኋላ ሲወጣ ጋሪው ወደ ፊት ይስፈነጠራል። ጣውላውን አጋድመው አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ጆንያ አልብሰው ጋሪው የት ድረስ እንደሄደ ይለካሉ፤ ያልሆነውን አፍርሰው እንደገና ይሠራሉ። ስሌቱን እኔን አትጠይቁኝ።

አንድ ቅዳሜ በዚያ ብርድ ጋቢዬን ተከናንቤ ስጠብቃት የሆነውን ልንገራችሁ። የዕለቱ ሥራ እንቁላል ጭኖ በጣውላው የሚወርድ ጋሪ ነበር። ከታች ታኮ የሚሆን ድንጋይ አለ፤ ጋሪው ሲጋጭ እንቁላሉ መሰበር የለበትም። የልጄ እንቁላል ተወርውሮ ፈረጠ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ይዣት ልሄድ ብድግ አልኩ።

መምህሩ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ጋሪውን አልነኩትም።

«ጋሪው የት ቆመ?»

«ድንጋዩ ጋ።»

«እንቁላሉስ?»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «እሱ አልቆመም» አለች።

«ማን ይዞት ይቆማል ታዲያ?» አሉና ወደ ጓዳ ገብተው ሌላ እንቁላል አመጡላት። በዚህ የእንቁላል ዋጋ!

ልጄ ከአሮጌ ነጠላ ቀድዳ እንቁላሉን በመስቀልኛ አሰረችው፤ ከፊቱ ባዘቶ ጎዘጎዘች። ጋሪው ወርዶ ድንጋዩን መታ። እንቁላሉ ደህና ነው። የጮኸችው ጩኸት ገና ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ ኒውተን የሚባል እንግሊዛዊ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ሕግ እንዳስቀመጠ አስረዳችኝ፤ የሚሄድ ነገር የሚያስቆመው ካላገኘ መሄዱን አይተውም። እኔ የታየኝ ጣርማ በር ነው። ከዋሻው ወጥቼ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከኋላዬ ወደ መሪው የሚገፋኝ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የሚገፋኝ የለም፤ መኪናው ሲቆም እኔ አልቆም ብዬ ነው! ያን ሁሉ ዓመት ቀበቶ የማስረው ትራፊክ ፖሊስ ሳይ ብቻ ነበር። አሁን ልጄ በር ላይ ቆማ «አባዬ፣ እንቁላሉን እሰር» ትለኛለች።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት 74 አመጣች። ከውጤቱ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ የመኪናዬን ጎማ፣ ፍሬንና ጭነት እያየች በጥያቄ ማፋጠጧ ነው።

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ውሰዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱ። የሃይላንድ ጠርሙስ ከነክዳኑ አትጣሉ። እንቁላል ደግሞ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እርሳቸው ከጓዳቸው እያወጡ ስንቱን ይችሉታል?