የአይፒቴብልስ ደንቦችን ወደ ኤንኤፍቴብልስ የሚመልሰው መሣሪያ ምን ያህል ይታመናል?

የሊኑክስ ፋየርዎል (የኔትወርክ ትራፊክን እየለየ የሚያስገባና የሚያግድ ሥርዓት) ደንቦች የሚጻፉበት አዲሱ መሣሪያ ኤንኤፍቴብልስ በ2014 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) 3.13 ጋር ቢወጣም፣ ብዙ ሰርቨሮች ዛሬም የሚጠበቁት በቀዳሚው በአይፒቴብልስ አጻጻፍ ለዓመታት በተደራረቡ የፋየርዎል ደንቦች ነው። እዚህ የምገመግመው ከአይፒቴብልስ ጋር በነጻ የሚመጣውን «አይፒቴብልስ-ሪስቶር-ትራንስሌት» ነው፤ በ«አይፒቴብልስ-ሴቭ» የተቀመጠውን ፋይል ሲሰጡት በአዲሱ አጻጻፍ ይመልሰዋል።

በተራ ደንቦች አይታማም። ወደ ፖርት (የአገልግሎት መግቢያ ቁጥር) 22 የሚመጣን አዲስ ግንኙነት የሚያስገባ ደንብም ሆነ ፖርት 80ንና 443ን ባንድነት የሚከፍት የመልቲፖርት ደንብ ትርጉሙን ሳይስት ይሻገራል። በየመስመሩ «ካውንተር» የሚል ቃል መጨመሩ ግር ቢያሰኝም ምክንያት አለው፤ አይፒቴብልስ ሳይጠየቅ የሚቆጥረውን ፓኬት (በኔትወርክ የሚጓዝ የመረጃ ጥቅል) ኤንኤፍቴብልስ ካልታዘዘ አይቆጥርም።

ጭንቁ የሚመጣው መሣሪያው የማይችለው ደንብ ሲገጥመው ነው። ለምሳሌ በ«ስትሪንግ» ሞጁል በፓኬቱ ውስጥ የተወሰነ ጽሑፍ ፈልጎ የሚያግድ ደንብ ሲያገኝ፣ ደንቡን በአሮጌው አጻጻፍ እንዳለ ትቶ ከፊቱ የ# ምልክት ያደርግበታል። አለመቻሉን አለመደበቁ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን ፋይሉን የሚጭነው የ«ኤንኤፍቲ» ትዕዛዝ # ያለበትን መስመር እንደ ማስታወሻ ቆጥሮ ስለሚያልፈው፣ ጭነቱ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ይጠናቀቅና ሊታገድ የሚገባው ትራፊክ ሲገባ ያድራል። ሳይጭን የሚፈትሸው የ«-ሲ» አማራጭም የአጻጻፍ ስሕተትን እንጂ የጎደለ ደንብን አይይዝም። ስለዚህ መሣሪያው በፋይሉ ራስጌና ግርጌ ስሙንና ቀኑን ከሚጽፍባቸው መስመሮች በቀር፣ በ# የሚጀምረውን ሁሉ አንድ በአንድ እያዩ በእጅ መጻፍ የግድ ነው።

ውጤቱ ነባሩን ደንብ የሚያጸዳ ትዕዛዝም የለውም፤ ፋይሉ ሁለት ጊዜ ቢጫን ደንቦቹ ይደገማሉ። ለአይፒ ስሪት 6 ደግሞ የራሱን አቻ መሣሪያ ለብቻው ማስኬድ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው መሣሪያው ፋይሉን እንጂ ማሽኑን አለማየቱ ነው። በኤንኤፍቴብልስ አንድ ቤዝ ቼይን (ፓኬትን በቀጥታ ከከርነሉ የሚቀበል የደንቦች ሰንሰለት) «አክሰፕት» (ይለፍ) ያለው ፓኬት፣ በዚያው ሁክ (ፓኬት በከርነሉ ውስጥ የሚፈተሽበት ነጥብ) ላይ ተከታይ ቤዝ ቼይን ካለ እንደገና ይመረመራል፤ «ድሮፕ» (ይጣል) ግን የመጨረሻ ነው። አሮጌዎቹ ደንቦች ሳይነሡ አዲሶቹ ከተጫኑ፣ አስተዳዳሪው በአዲሱ ሠንጠረዥ የከፈተው ፖርት በአሮጌው ተዘግቶ ይቀርና ትርጉሙ ትክክል ሆኖ ሳለ ጥፋቱን በትርጉሙ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

ይህም ሆኖ፣ በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮችን በእጅ ከመገልበጥ መሣሪያውን እመርጣለሁ። ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ የተለዩ ክፍሎች የሚያስኬድ ሶፍትዌር) የሚሠራበት ሰርቨር ከሆነ ግን የዶከርን ቼይኖች ከፋይሉ አስቀድሞ ማውጣት ይገባል፤ ዶከር በተነሣ ቁጥር የራሱን ደንቦች ስለሚጽፍ፣ ተተርጉመው የተቀመጡት የትናንት ኮንቴይነሮችን አድራሻ ይዘው ይቀራሉ።