ጣና ዳር ጀልባ የሚያከርም ጋራዥ፦ ሞተሩን በአደራ ስጡ፣ ሸራውን ግን ራሳችሁ እዩት

በውጭ አገር የሚታተሙ የሞተር ጀልባ መመሪያዎች ስለ ክረምት ሲያወሩ የሚፈሩት በረዶን ነው። ሞተር ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ብረቱን ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ጨምሩ ይላሉ። ባሕር ዳር ላይ ይህ ገንዘብ መጣል ነው። የጣና ክረምት ጀልባን የሚጎዳው በእርጥበት፣ በቆመ ቤንዚንና በደለል ነው። ከከተማው ወደ ዘጌ አቅጣጫ፣ ከሐይቁ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ያለው ጋራዥ ከሁሉ በፊት የሚመሰገነው ይህን ለይቶ በማወቁ ነው። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ጀልባ ተቀብሎ መስከረም ላይ ይመልሳል። በተለይ ከ15 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ላላቸው፣ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ ለሚጨመርባቸው ቱ ስትሮክ ሞተሮች እጁ ጥሩ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከእጥበት ነው። ጣና ጨው የለበትም፤ ነገር ግን ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት ደለል በሞተሩ የማቀዝቀዣ መስመር ውስጥ ይተኛል፣ ከርሞ ሲደርቅም እንደ ምርጊት ይጠነክራል። ሠራተኞቹ ሞተሩን ንጹሕ ውሃ በሞላ ጉርድ በርሜል ውስጥ አቁመው አሥር ደቂቃ ያህል በዝግታ ያሠሩታል። ውሃው የሞተሩን መሳቢያ ወንፊት አልፎ መሸፈኑን ሳያዩ ገመድ አይስቡም። የውሃ ፓምፑ ጎማ የሚለሰልሰው በራሱ በውሃው ስለሆነ ደርቆ ከዞረ በሴኮንዶች ውስጥ ይቃጠላል። ከሞተሩ ጎን የሚፈነጥቀው ውሃ ከቀጠነባቸው ፓምፑን ፈትተው ጎማውን ለባለቤቱ ያሳያሉ። ክንፎቹ ወደ አንድ ወገን ተጣመው ከቀሩ ሳይቀየር አይከርምም።

እዚያው በርሜል ውስጥ እንዳለ የቤንዚን ቱቦውን ነቅለው ሞተሩ ካርቡራተሩ (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ የቀረውን ጨርሶ እስኪጠፋ ይጠብቃሉ። ይህ የሚዘለል ሥራ አይደለም። ሦስት አራት ወር በቆመ ድብልቅ ውስጥ ቤንዚኑ ይተንና ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይቀራል፤ ያ ዝቃጭ ነው የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች የሚደፍነው። ሞተሩ ሊጠፋ ሲንገዳገድ በካርቡራተሩ አፍ ዘይት ይነፉበታል። ከዚያ ካንዴላዎቹን ፈትተው በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ያንጠባጥቡና ገመዱን በቀስታ አራት አምስት ጊዜ ይስባሉ። ዘይቱ ግድግዳውን ካላለበሰው የሐምሌ እርጥበት የፒስተኑን ቀለበቶች በዝገት ያጣብቃቸዋል። በጄሪካን የተረፈ ድብልቅ አይቀበሉም፤ ልክ ናቸው። መስከረም ላይ፣ 50 ለ1 ለሚጠይቅ ሞተር፣ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት አድርጎ አዲስ መበጥበጥ ነው።

የዚህ ቤት ሙያ በደንብ የሚታየው ግን የማርሽ ዘይቱ ላይ ነው። ሞተሩን ቀጥ አድርገው አቁመው ያሳድሩታል፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሌሊቱን ወደ ሥር ይወርዳል። ጠዋት ነጭ ሳህን ከታች ያስቀምጡና ባለቤቱ እያየ የታችኛውን ብሎን ብቻ ያላላሉ። ወሳኟ የመጀመሪያዋ ጠብታ ናት። እንደ ማር ጥርት ብላ ከወረደች ደኅና ነው። ውሃ ከቀደመ፣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከመጣ፣ ወደ ማርሹ ቤት ውሃ እየገባ ነው። ያን ጊዜ ፕሮፔለሩን ያወልቃሉ፤ ከኋላው ብዙ ጊዜ የሚገኘው የዓሣ መረብ ናይለን ነው። ክሩ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ዘይት የሚያግደውን ጎማ እንደ ምላጭ ይበላዋል። በዚህ ሁኔታ የከረመ ማርሽ ኩሽኔታው ዝጎ ይጠብቃችኋል። አዲሱን ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ይሞላሉ፣ አየር እንዳይቋጠር። በላይኛው ሲፈስ መጀመሪያ የላዩን ብሎን፣ ቀጥሎ የታቹን ይዘጋሉ፤ የሁለቱንም ማሸጊያ ቀለበት ይቀይራሉ።

ባትሪውን በየወሩ ይለኩታል፤ ከ12.4 ቮልት ከወረደ ቻርጅ ያደርጉታል። በቂ ነው።

ቅር የሚያሰኘው የጀልባው አካል አያያዝ ነው። ሜዳ ላይ ዘርግተው ያስቀምጡትና ሸራውን ጥርቅም አድርገው ያስሩታል። ባሕር ዳር በዓመት 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፣ ከግማሽ በላዩ የሚወርደውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሸራው መሐሉ ረግቦ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢቋጥር 100 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው። አየር ስለማያገኝም ወንበሩ ይሻግታል፣ የወለሉ ኮምፔርሳቶ ያብጣል። ስለዚህ ስታስረክቡ አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ይዛችሁ ሂዱ። ከአፍንጫው እስከ ኋላው እንደ ቤት ማገር በድጋፍ ላይ አጋድማችሁ ሸራውን በላዩ አልብሱ፤ ውሃው በሁለት ወገን ይንሸራተታል። የፊቱን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አስደርጉ፣ የኋላውን የውሃ ማፍሰሻ ውታፍ አውጡ፣ በሁለቱም ጫፍ ነፋስ የሚገባበት ክፍተት ተዉ። ሲነገራቸው ያደርጉታል፤ ሳይነገራቸው ማድረግ ነበረባቸው።

ቦታውንም ምረጡ። ጣና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይቆይና እስከ መስከረም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል። ግቢው ወደ ደንገሉ በኩል ስለሚያዘቀዝቅ በአጥሩ ሥር ያለውን ላይኛውን ረድፍ ጠይቁ።

ሒሳቡ የማክረሚያውና የዘይቱ ተለይቶ ነው የሚመጣው፤ ዘይት ይዞ መሄድም ይቻላል። ከያዛችሁ ጣሳው ላይ ቲሲ ደብሊው 3 (TC-W3) የሚለውን፣ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ቱ ስትሮክ ሞተር የተሠራ ዘይት ምልክት፣ እዩ። የሞተር ሳይክል ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው፤ በውሃ በሚቀዘቅዝ ላይ ካንዴላ ያጠቁራል።

መስከረም ላይ ስትረከቡ ሞተሩ መጀመሪያ ወፍራም ጭስ ቢያወጣ አትደንግጡ፣ የከረመው ዘይት ነው። በርሜል ውስጥ ሳይነሣ ግን አትውሰዱት። በጎኑ ውሃ ካልፈነጠቀ ወዲያው አጥፉና ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ነካ አድርጉ፤ ነፍሳት ጎጆ ሠርተውበት ሊሆን ይችላል። ውታፉን ሲያወጡት ከመቀስቀሻው ገመድ ጋር እንዲያስሩላችሁ ንገሯቸው፤ ጀልባው ውሃ ከመንካቱ በፊት በእጃችሁ መልሳችሁ አጥብቁት።