የድሮ የምላስ ማውጫ ማሽን ወይስ የጠረጴዛ መጋዝ?

ደብረ ብርሃን ላይ ግቢው ውስጥ እንጨት የሚሠራ ሰው፣ በርና መስኮት ሲበዛበት የእንጨቱን ምላስ፣ ማለትም ሌላው እንጨት ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ፣ በምን ላውጣ ማለቱ አይቀርም።

የድሮው ማሽን፣ በተለይ እንደ እንግሊዙ ዋድኪን ያለው፣ ልብ ይሰርቃል። እንጨቱን ተንሸራታቹ ጠረጴዛ ላይ አስረህ አንዴ ትገፋለህ። ከላይና ከታች የሚሽከረከሩት ሁለት የቢላ ራሶች የምላሱን ሁለት ጎን በአንድ ጊዜ ይጠርባሉ። ከባዱ ብረት ንዝረቱን ይውጠዋል። አንዴ ካስተካከልከው ሃያኛው ምላስ ከመጀመሪያው አይለይም።

ጣጣው መብራቱ ላይ ነው። አብዛኞቹ ባለ ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት ናቸው፤ ቤታችን የሚገባው 220 ነው። የቤቱን መብራት ወደ ሦስት ፌዝ የሚቀይር ኢንቨርተር ቢኖርም፣ ብዙዎቹ ለእያንዳንዱ የቢላ ራስ የየራሱ ሞተር ስላላቸው ወጪው ይደራረባል። ከመግዛትህ በፊት መብራቱን አጥፍተህ ዘንጉን በእጅህ አዙር። ኩሽኔታው ከተንገራገጨ ዋጋ አስቀንስ። ዋናው አካል ከተሰነጠቀ ግን ተወው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት (ካስት አይረን) ስለሆነ በብየዳ በቀላሉ አይድንም።

የጠረጴዛ መጋዝ፣ ራስህ ከሠራኸው መያዣ ጋር፣ ቀርፋፋ ነው። እያንዳንዱን ጎን ለብቻ ትቆርጣለህ። ግን በ220 ይሠራል፤ ለሌላም ሥራ ይሆናል።

ደግሞ የአካባቢያችን ባሕር ዛፍ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ፣ በየትኛውም ማሽን ቢወጣ ምላሱ ይላላል። ለማድረቂያ መጠለያ የሚሆን ብር አስቀድመህ ያዝ።

በወር ሁለት ሦስት በር ለሚሠራ መጋዙ ይበቃዋል ባይ ነኝ። ተመሳሳይ መስኮት በብዛት የሚታዘዝህና ሦስት ፌዝ ያስገባህ ከሆነ ግን የድሮውን ማሽን አታመንታ።