ባዶ ሲኒና ያልተነካ ማዕድ፦ በአማርኛ የሚተላለፉ ተከታታይ ድራማዎች ከሐዋሳ ሳሎን ሲታዩ

ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭቱን ጀምሮ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ በጀመረበት ወቅት፣ ከአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች የተሰማው ተቃውሞ በባህል ተጽዕኖና በአገር ውስጥ ምርት መዳከም ላይ ያተኮረ ነበር። ያ ክርክር እልባት ሳያገኝ ቀዝቅዟል። በአንጻሩ ተመልካቹ ከወንበሩ ሳይነሣ ያዳበረው ሌላ ዓይነት ሒስ አለ፤ እሱም በድራማዎቹ ውስጥ ከእውነተኛ ኑሮ ጋር የማይገጥመውን ነገር ሁሉ እየነቀሱ መቀለድ ነው። እኔም እነዚህን ድራማዎች እንደ አንድ የማታ አገልግሎት ቆጥሬ፣ በዚህ የቀልድ ሚዛን ምን ያህል እንደሚመዝኑ ለመገምገም እሞክራለሁ።

የምከራይበት የሐዋሳ ግቢ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ዲሹም ቴሌቪዥኑም የአከራያችን ሲሆኑ፣ ሁላችንም «እትዬ» ብለን የምንጠራቸው እኚህ ሴት ማታ ማታ የሳሎናቸውን በር ክፍት ይተዋሉ። ከታዳሚዎቹ መካከል በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ የሚሰፉና አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ እንዲሁም ስሟን ትተን «ሲስተር» የምንላት ነርስ ይገኙበታል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሙያ ይዞ ስለሚመጣ፣ የድራማው ደራሲ በየትኛውም በኩል ቢያልፍ የሚይዘው አያጣም።

ከዚህ ሳሎን የተረዳሁት ዋናው ነገር፣ ተመልካች ትልቁን ውሸት በቀላሉ ይቅር ሲል ትንሿን ውሸት ግን ፈጽሞ እንደማያልፍ ነው። የተቀበረ ሰው ከሠላሳ ክፍል በኋላ ፂሙን አሳድጎ ቢመለስ እትዬ «እሰይ፣ መጣላቸው!» ብለው ያጨበጭባሉ እንጂ ማን ተቀብሮ እንደነበር አይጠይቁም። መንታ እህት ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ብቅ ብትል ማንም አይደነግጥም። ይሁን እንጂ ከሞት የተመለሰው ሰው ቡና ሲቀርብለት ሲኒውን እንደ ላባ አንሥቶ፣ ሳያራግብና ሳይጠነቀቅ ወደ አፉ ሲያስጠጋው ሳሎኑ በአንድ ድምፅ «ባዶ ነው!» ይላል።

የሲኒው ጉዳይ ቀላል መስሎ ቢታይም በዝርዝር መታየት ይገባዋል። ትኩስ ቡና የያዘ ሲኒ በጣት ጫፍ ተይዞ በዝግታ እንደሚነሣ በየቀኑ ቡና ለሚያፈላ ሕዝብ መንገር አያስፈልግም፤ የሲኒውን ክብደት ከእጁ አያያዝ ያነበዋል። አዘጋጆች ፈሳሹን የሚሸሹበት ምክንያት አላቸው፤ አንድ ትዕይንት ደጋግሞና ከተለያየ አቅጣጫ ስለሚቀረጽ፣ የቡናው መጠን በአንዱ ቀረጻ ሙሉ በሌላው ጎዶሎ ሆኖ እንዳይገኝ፣ ልብስ ላይም እንዳይፈስ ይሰጋሉ። ቢሆንም ሲኒው ውስጥ ጥቂት ውኃ ማድረግ የሚያስከፍለው ነገር የለም። ከዚህ የባሰው ማዕዱ ነው። ጠረጴዛ ሙሉ ምግብ ቀርቦ፣ ዳቦው ሳይቆረስ፣ አንዱ ክፉ ቃል ይናገርና ሌላው ወንበሩን ገፍቶ ይነሣል። እትዬ በዚህ ጊዜ ከልባቸው ያዝናሉ፤ ሐዘናቸው ግን ለተበደለችው ሙሽራ ሳይሆን ለምግቡ ነው። እንግዳ ሳይጎርስ ከተነሣበት ቤት እርቅ ቢወርድ እንኳ እሳቸው አያምኑም።

ከቱርክ በሚመጡት ድራማዎች ሀብታም ቤተሰብ ሁሉ «ሆልዲንግ» የሚባል ድርጅት አለው። ድርጅቱ ረጅም የመስታወት ሕንፃ፣ ሰፊ የስብሰባ አዳራሽና ቡና የምታቀርብ ጸሐፊ ሲኖረው፣ ምን እንደሚያመርት ወይም ምን እንደሚሸጥ ግን አይነገርም። ከልብስ ሰፊዎቹ አንዷ ይህን በቸልታ ማለፍ አቅቷት «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ታርጌት የላቸውም?» ስትል ጠይቃለች፤ የእሷ ቀን በሰዓት በሚቆጠር የሥራ መጠን የሚለካ በመሆኑ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በዚሁ ሆልዲንግ ውስጥ የቤተሰቡ ታላቅ ልጅ የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ ይፈርምና ንብረቱን በሙሉ ለጠላቱ አስረክቦ ይወጣል። የደመወዝ ወረቀታቸውን ተቀናሽ በተቀናሽ የሚያጣሩት እነዚህ ልጆች ለእንዲህ ያለው ሰው ርኅራኄ የላቸውም። የባጃጅ ሾፌሩ ቅሬታ ደግሞ ስለ ታክሲ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ወይ ሳይከፍሉ ይወርዳሉ ወይ አንድ ትልቅ ብር ወርውረው መልስ ሳይጠብቁ ይሄዳሉ። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ተሳፋሪ ፒያሳ ላይ አንድ ቀን ቢያጋጥመኝ ሥራ ባቆምኩ» ብሏቸዋል።

ምሥጢር አጠባበቁም ያስቃል። ባለ ብዙ ክፍል በሆነ ቪላ ውስጥ ሁለት ሰዎች በሩን ገርበብ አድርገው፣ ድምፃቸውንም ሳይቀንሱ የነፍስ ግድያ ይማከራሉ፤ የሚሰማቸው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን እሱም የሚሰማው ግማሹን ነው። እኛ ግቢ ውስጥ በሦስተኛው ክፍል ወጥ ሲሠራ በአንደኛው ክፍል ያለው ሰው ጨው መጨመሩን ሳያይ ያውቃል። ምሥጢር እንዴት ለሰማንያ ክፍል ተደብቆ እንደሚቆይ ለእንዲህ ያለ ተመልካች ማስረዳት ከባድ ነው።

ሆስፒታል የሚታይባቸው ክፍሎች ለብቻቸው ሊገመገሙ ይገባል፤ ምክንያቱም በእነሱ ጊዜ ሳሎኑን የምትመራው ሲስተር ናት። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛችው ሴት ኦክስጅን እየተሰጣት ኩሏም የከንፈር ቀለሟም እንዳለ ነው፤ ጸጉሯ ትራሱ ላይ እንደ ሙሽራ ተዘርግቷል። የልብ መቆጣጠሪያው መስመር ቀጥ ሲል ሐኪሙ ወዲያውኑ የኤሌክትሪክ ንዝረት መስጫውን ያነሣል። ሲስተር ይህን በታየ ቁጥር ታርመዋለች፤ ልብ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴዋን ጨርሳ ባቆመችበት ሁኔታ ንዝረት አይሰጥም፤ የሚደረገው ደረትን ያለማቋረጥ መጫንና አድሬናሊን መስጠት ሲሆን፣ ንዝረቱ የሚጠቅመው የልብ ምት በተወሰነ አኳኋን በተዘበራረቀ ጊዜ ነው። ራሱን ስቶ የቆየው ሰው ደግሞ ዓይኑን ገልጦ የፍቅረኛውን ስም ይጠራና በሚቀጥለው ትዕይንት ኮቱን ለብሶ ይወጣል። በዚህ ጉዳይ የሳሎኑ ትዝብት በጥናትም የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አንድ ጥናት በ9 የአሜሪካ ተከታታይ ድራማዎች ራሳቸውን ስተው የተኙ 64 ገጸ ባሕርያትን ተከታትሎ፣ 57ቱ ማለትም 89 በመቶው ሙሉ በሙሉ እንደዳኑ፣ የሞቱት 5 ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል፤ ከነቁትም አብዛኞቹ በነቁበት በዚያው ቀን ምንም ዓይነት የአካልም ሆነ የአእምሮ ጉድለት አልታየባቸውም። አጥኚዎቹ የሰጉት፣ በእውነተኛው ሆስፒታል ደጃፍ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ከዚህ የተነሣ የማይሆን ተስፋ እንዳይሰንቁ ነው። ሲስተርም ይህን ሥጋት ትጋራለች፤ ስትስቅ ከሌሎቻችን ቀድማ የምትጨርሰውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሲስተር ያመሰገነችው ትዕይንትም አለ። በአንድ ድራማ የአባትየው የደም ዓይነት ኦ፣ የልጁ ደግሞ ኤቢ ሆኖ ተገኝቶ የቤተሰቡ ምሥጢር ተጋለጠ። እጅግ ብርቅ ከሆነ ሁኔታ በቀር ኦ የሆነ ወላጅ ኤቢ የሆነ ልጅ ስለማይኖረው ደራሲው በትክክል ሠርቷል፤ ያን ምሽት ሳሎኑ ውስጥ የተሰማው ጸጥታ ለየትኛውም የሠርግ ትዕይንት ያልተሰጠ ነበር። አንዲት ትክክለኛ ዝርዝር ይህን ያህል ትከፍላለች።

ስለ ርዝመቱና ስለ መተያየቱ የሚቀለደው ግን ምክንያቱን ለሚያውቅ ሰው በመጠኑ ይቀላል። በቱርክ አንድ ክፍል 2 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚወስድ ሲሆን በየሳምንቱ ይተላለፋል፤ ይህም ማለት አዘጋጆቹ በየሳምንቱ ከአንድ ሙሉ ፊልም የሚበልጥ ሥራ ያስረክባሉ። ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ወደ 45 ደቂቃ ገደማ በሚሆኑ ክፍሎች ይቆራረጣል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በሙዚቃ ታጅበው ለረጅም ጊዜ ሲተያዩ የሚታየው ከፍቅራቸው ጥልቀት ይልቅ መሞላት ያለበት ሰዓት ነው። እትዬ ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ «ሂጂ ጀበናውን ጣጂው፤ ስትመለሺ ገና እየተያዩ ነው» ይላሉ፤ ተሳስተውም አያውቁም። ብርጭቆና ሲጋራ ላይ የሚታየው ጭጋግም የሪሲቨር ብልሽት ሳይሆን የቱርክ ቴሌቪዥን ቁጥጥር ውጤት ነው። ጫማ አድርገው ሶፋ ላይ ስለሚወጡት ሰዎች ግን ማስተባበያ አላገኘሁም፤ ቱርኮች በእውነተኛ ኑሯቸው ጫማቸውን በር ላይ የማውለቅ ልማድ ያላቸው ሕዝቦች ናቸውና።

የአገር ውስጥ ተከታታይ ድራማዎች በዚህ ሳሎን የሚደርስባቸው ፍርድ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ኢስታንቡልን ያየ ሰው በመካከላችን የለም፣ እዚህ ያለውን ኑሮ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። በእነሱ ዓለም መብራት አይጠፋም፤ ኔትወርክ አይቆራረጥም፤ መሥሪያ ቤት ሲገባ ወረፋ የለም፤ ስልክ የሚደውል ሰው ደህንነት ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ከገጠር የመጣች የተባለችው ልጅ ቀሚሷ ቢቀደድም ገና ከሱቅ የወጣ ነው፣ ሹሩባዋም ዛሬ ጠዋት የተሠራ። በድሃ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ እየወረደ ፍቅረኞች በሹክሹክታ ያወራሉ። የሐዋሳ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በአንድ አልጋ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እንኳ ካልተጯጯሁ አይደማመጡም። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ጠዋት ቢሮው ውስጥ የተጣላው ባል ከሰዓት በኋላ ሸሚዙ ሳይጨማደድ ሐይቁ ዳር ደርሶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሻሸመኔን እንኳ ያለፈ አይመስልም። ሐይቁ ዳር ሲቀመጡም ዝንብ የለ፣ ትንኝ የለ፣ ዓሣ ፍለጋ የሚዞሩት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች የሉ። የገዛ ከተማችን በዚህ መልክ ስትቀርብ እኔ ከመሳቅ ይልቅ ብስጭት ይቀናኛል። በጀታቸው አነስተኛ መሆኑን፣ ቤቱን ተውሰው እንደሚቀርጹ እገነዘባለሁ፤ ዝንብ ግን በጀት አይፈልግም።

በድምፅ ሥራው በኩል አገልግሎቱ በጥሩ ደረጃ ላይ ይገኛል። ተዋንያኑ አማርኛውን ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር የሚያዛምዱበት ብቃት በየጊዜው እየተሻሻለ መጥቷል፤ የቁጣና የለቅሶ ትዕይንቶችም ባዕድ መሆናቸው የሚረሳበት ጊዜ አለ። የሚታየው ችግር አንድ ድምፅ በብዙ ድራማዎች መደጋገሙ ነው፤ በአንደኛው ሰዓት ነፍሰ ገዳይ የነበረው ድምፅ በሚቀጥለው ሰዓት የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆኖ ሲመጣ እትዬ «እሱ ነው፣ አታስነኩት!» ይላሉ። አንዳንድ ጊዜም የእናትየዋ ድምፅ ከልጇ ያነሰ ዕድሜ ይኖረዋል። ከዚህ የባሰው ምራት አማቷን «አንተ» ስትል መስማት ነው፤ ይህ በአርታኢ ዓይን በቀላሉ ሊታረም የሚችል ሲሆን፣ ሳሎኑ ውስጥ ከየትኛውም የመሳሳም ትዕይንት ይበልጥ የሚያስደነግጠው እሱ ነው።

ለአዲስ ተመልካች፣ የቱርኮቹን ከመሐል ቢጀምር ብዙ የሚያጣው ነገር የለም፤ የየክፍሉ መጀመሪያ ያለፈውን ይደግመዋል፣ ገጸ ባሕርያቱም የሚያውቁትን ነገር እርስ በርስ ደጋግመው ይነጋገሩታል። የአገር ውስጦቹ በሳምንት አንድ ጊዜ ስለሚቀርቡ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ለማልቀስ የሚፈልግ ሰው ድጋሚ ሥርጭቱን ቀን ለብቻው ቢያይ ይሻለዋል። ማታ ከሰው ጋር የሚያይ ደግሞ መቀመጫውን አስቦ ይምረጥ፤ ነርስ አጠገብ ከተቀመጠ የሆስፒታሉን ትዕይንት ከነድምፁ ጨርሶ አይሰማውም።