የመስኮት ኤሲ ልደታ ላይ፦ ዕቃው ደህና ነው፣ ገጠማው ግን ጉድ ሠራኝ

ልደታ ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። "አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ኤሲ ምን ይሠራል?" የሚል ካለ ሚያዝያ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቤቴ ይምጣ። ጸሐይዋ ፊት ለፊት ትገባለች፣ ከላይ ቆርቆሮው ይግላል። ዘንድሮ መረረኝና መርካቶ ሄጄ ባለ 9,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) የመስኮት ኤሲ ገዛሁ። 220 ቮልት መሆኑን አይቼ ነው የገዛሁት፤ አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ የመጣለትን የ110 ቮልት ማሽን እንዳለ ሶኬት ላይ ሰክቶ ያኔውኑ ነው ያቃጠለው።

ዕቃው ላይ ብዙ ቅሬታ የለኝም። ይጮሃል፣ ግን መኝታ ቤቱን ቶሎ ያቀዘቅዛል። ያናደደኝ ሱቁ "ገጠማ በነጻ" ብሎ የላከው ልጅ ነው።

ማሽኑ የተሠራው ወደ ላይ ለሚነሳ መስኮት ነው፣ የእኛ ደግሞ ወደ ጎን ይከፈታል። ስለዚህ አንዱ መስታወት ወጥቶ ክፍተቱ በኮምፔንሳቶ መዘጋት፣ ከሥሩም ጠንካራ የብረት መደገፊያ መኖር ነበረበት። ልጁ ዳር ዳሩን ካርቶን ጠቀጠቀበት፣ ማሽኑን ወደ ውስጥ አዘንብሎ አስቀመጠው፣ በቀጭን ኤክስቴንሽን ሰክቶ ሄደ። ማታ ምንጣፌ በውኃ ራሰ። በማግስቱ ሶኬቱ ግሎ ላስቲክ ላስቲክ ይሸት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ፊት ለፊቱ በረዶ ሠራና ነፋሱ ጠፋ። ስደውልለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጋዙ አልቋል፣ ከፍለሽ ይሞላልሻል።"

በሰው በሰው ሌላ ባለሙያ አገኘሁ። ጋዙ ዝግ ቱቦ ውስጥ ስለሚዞር ካልሾለከ አያልቅም አለኝ። በረዶውን ያመጣው እኔው ነኝ፦ ማታ ውጪው ቀዝቅዞ ሳለ እስከ እኩለ ሌሊት አበራው ነበር፣ ፊልተሩንም የሰፈሩ የግንባታ አቧራ ደፍኖታል። አሁን ጸሐይ ስትጠልቅ አጠፋዋለሁ፣ ፊልተሩን በየሁለት ሳምንቱ አጥባለሁ፣ በረዶው አልተመለሰም። ሰውዬው ማሽኑን ትንሽ ወደ ውጪ አዘነበለው፣ ብረቱን አስበየደ፣ ክፍተቱን በሲሊኮን ዘጋ፣ ከሳልቫቪታው ጀምሮ ለብቻው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ዘረጋለት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው እንዳላበራና ቢያንስ ሦስት ደቂቃ እንድጠብቅም አስጠነቀቀኝ፤ ኮምፕሬሰሩ ግፊቱ ሳይረግብ ሊነሳ ሲል ይጎዳል። እኛ ሰፈር መብራት በቀን ስንቴ እንደሚሄድ ለምታውቁ ይህቺ ምክር ብቻዋን የከፈልኩትን ታወጣለች።

አንድ ነገር ግን ሁለታችንም ረስተን ነበር። ውኃው ወደ ውጪ መንጠባጠብ ሲጀምር ታች ፎቅ ያሉት እናት ያሰጡት ልብስ ላይ አረፈ። ደረጃውን ወጥተው መጡ፦ "ልጄ፣ ዝናቡ ካንቺ መስኮት ብቻ ነው እንዴ የሚዘንበው?" በጣም አፈርኩ። በዚያው ቀን ቀጭን ጎማ ተገጥሞ ወደ ባልዲ እንዲወርድ ተደረገ።

ማሽኑን ዛሬም ብትጠይቁኝ ግዙ እላለሁ። የሱቁን "ነጻ ገጠማ" ግን በነጻም አትቀበሉ። ልጁ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደውሎ ነበር፣ "ጋዙን መቼ መጥቼ ልሙላልሽ?" ለማለት።