ቴሌግራሙ ቀኑን ሙሉ ክፍት ይሁን ወይስ በሰዓት ይከፈት?

ኦንላይን ስንሠራ መልእክት በመጣ ቁጥር ማየት አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ሁሉንም ዘግቶ በቀን ሦስቴ ብቻ መክፈት።

የመጀመሪያው አስቸኳይ ነገር አያስመልጥም። ደንበኛ ለሚያስተናግድ ሰው ግድ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ትናንት ሪፖርት ስጽፍ የዕድሩ ግሩፕ ጮኸ። አየሁት፤ የድንኳን ጉዳይ ነው። ስመለስ ጠቋሚዋ "ምክንያቱም" ከሚለው ቃል ፊት ብልጭ ድርግም ትላለች። ምክንያቱ ግን ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ በ2009 እ.ኤ.አ. ይህን "የትኩረት ቅሪት" ብላዋለች። ወደ ሌላ ሥራ ብንዞርም ሐሳባችን በከፊል የቀደመው ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፤ እጅ ሳይታወቀው ስልክ ያነሳል። ሆኖም በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት 124 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ኢሜይላቸውን በቀን ሦስቴ ብቻ ባዩበት ሳምንት ጭንቀታቸው ቀንሷል።

እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ። የግሩፖቹን ድምፅ አጥፍቼ አርካይቭ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ጠዋት 3፣ ከሰዓት 7፣ አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ አያቸዋለሁ። የስልክ ጥሪ ግን አልዘጋሁም። የእናቴ ስልክ በማንኛውም ሰዓት ይነሳል።